ባዶ እጁን የመጣው ዛፍ ቆራጭ

አንድ ዛፍ ቆራጭ ነበር። ዛፍ ቆራጭ ስላችሁ መጥረቢያ በትከሻው ያደረገ የጥንት ሰው በዓይናችሁ እንዳይመጣ። ይሄኛው የዘመኑ ሰው ነው፤ የሚቆርጠውም በሞተር መጋዝ ነው። ስሙ ሽባባው ይባላል። የሚኖረው ሰው ሁሉ ከእርሻው ጥግ ባሕር ዛፍ በሚተክልበት ደጋ አገር ነው። እዚያ ቤት የሚሠራም፣ ልጅ የሚድርም፣ ጣራ የሚቀይርም መጀመሪያ የሚያስበው ዛፉን ነው። ስለዚህ ሽባባው ሥራ አጥቶ አያውቅም። እጁም ጥሩ ነበር፤ ይህን የሚጠላው ሰው እንኳ አይክደውም።

ሽባባው ሦስት መጋዞች ነበሩት። ልዩነታቸው በሞተሩ ጉልበትና ሰንሰለቱ በሚዞርበት ረጅም ብረት ላይ ነው። የትንሿ ብረት ከክንድ ያንሳል። ቀላል ናት፤ ለቅርንጫፍና ለቁጥቋጦ የተሠራች ናት። የመካከለኛዋ ብረት ክንድ ሞልቶ ትንሽ ያልፋል፤ ለቤት ቋሚና ለማገዶ እንጨት እሷን የሚያህል የለም። ትልቁ ግን ሌላ ነገር ነው። መሬት ላይ ቢያቆሙት ብረቱ ወገብ ይደርሳል፤ ሞተሩ የተነሣ እንደሆነ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል። እሱ የተሠራው ሁለት ሰው ተያይዞ ለሚያቅፈው ግንድ ነው። መጋዞቹን የሸጠለት ነጋዴ ሁሉንም አስረድቶት ነበር። የብረቱ ርዝመት ከእንጨቱ ውፍረት አራት ጣት ያህል ይለፍ፤ ካነሰ መሐል ላይ ትቀራለህ፣ ከበዛ ደግሞ ጫፉ የት እንደሚገባ አታይም ብሎ ነግሮታል። ሽባባውም እሺ አለ። ሁላችንም ዕቃ ስንገዛ እሺ እንደምንለው ነው ያለው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በዚያ አገር ዛፍ የሚቆረጠው በደቦ ነው። አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይጎትታል፣ ሌላው ይልጣል፤ ባለቤቱ ደግሞ ይጋብዛል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ ለግብዣ ሲቀመጡ ረጅሙን መጋዝ ይዞ የመጣ ሰው ከባለቤቱ ጎን ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ዋንጫም የሱ ነው። በመጥረቢያው ዘመን እዚያ የሚቀመጠው ትልቁን መጥረቢያ የያዘ ነበር አሉ። መጥረቢያው ሲቀር ወንበሩ ለመጋዝ ተላለፈ። ሽባባውን ያበላሸው እንግዲህ ይሄ ወንበር ነው።

ትልቁን ከገዛ ወዲህ ሌሎቹን ረሳቸው። ግንድ ሊቆርጥም ትልቁን፣ አጥር ሊያስተካክልም ትልቁን፣ የጎረቤት ጽድ ሊከረክምም ትልቁን ተሸክሞ ይወጣል። ማታ ሲመለስ ወገቡን ይዞ ነው። ሚስቱ ይታይሽ ቅቤ አሙቃ እያሸችው ትስቅበታለች። እሷ እንደ ምላሷ ስለት የላትም፤ ሆዷ ሩኅሩኅ ነው፤ ግን አንድ ነገር ካየች ሳትናገር አታድርም። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ቀና ብላ አየችውና፣

“እስቲ ያንን መጋዝ አቀብለኝ፤ ሽንኩርቱም በሱ ይከተፍ እንጂ ለምን ይቅርበት!” አለችው።

ሽባባው ሳቀ። ሳቀ እንጂ ነገሩን አልሰማውም።

በዚያ ዓመት ሴት ልጃቸው ትርንጎ ታጭታ ነበር፤ ሠርጉ ጥር ላይ ነው። የሠርጉ ጠጅ ማር የሚመጣው ደግሞ ከአያ ዳምጤ ነው። አያ ዳምጤ ሚስታቸው ትርንጎን ክርስትና ስላነሡ የክርስትና አባቷ ናቸው፤ ንብ በማርባት የታወቁ ሽማግሌ። ለልጅቱ ከተጠመቀችበት ቀን ጀምሮ፣ ሠርግሽ ሲደርስ ጠጁ በኔ ነው ብለው ቃል ገብተውላት ነበር። ከቤታቸው በታች አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ እንደ ክንድ በተዘረጋ አንድ ጠንካራ ቅርንጫፉ ላይ ሁለት ቀፎ፣ ከግንዱ አጠገብ ደግሞ አንድ ቀፎ ተሰቅሏል። መስከረም ላይ አበባው ሲፈነዳ ንቦቹ ይሠራሉ፤ ኅዳር ላይ ማሩ ይቆረጣል፤ ጥር ላይ ጠጁ ይጠጣል። የትርንጎ ሠርግ ጠጅ ከዋንዛው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ነሐሴ ላይ ነፋስ ተነሣና ከዋንዛው አንዱን ቅርንጫፍ ገነጠለው። ቅርንጫፉ አልወደቀም፤ ቀፎዎቹን በተሸከመው ክንድ ላይ ተደግፎ ቀረ። ውፍረቱ የሰው ጭን ቢያህል ነው። እንዲያው ከቆየ ግን ክንዱን በክብደቱ ይዞት መውደቁ አይቀርም። አያ ዳምጤ ወዲያው ሽባባውን አስጠሩት። ባዕድ ሰው መጥራት አላስፈለጋቸውም፤ የክርስትና ልጃቸው አባት እያለ ማንን ይጥራሉ?

ችግሩ፣ የደቦው ቀን የወደፊት አማቾቹም ተጠርተው ነበር። የሙሽራው አባት ከወንድሞቹ ጋር ሊያግዝ መጣ። ሽባባው ጠዋት ከቤት ሲወጣ ትንሿን መጋዝ አነሣ፤ ለዚያ ቅርንጫፍ የምትሆነው እሷ እንደሆነች እጁ ያውቃል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ግን አማቾቹ በሐሳቡ ታዩት። ወንበሩም ታየው። ትንሿን መልሶ ሰቀላትና ትልቁን ተሸከመ። ይታይሽ ከጓዳ አየችው፤ ያን ቀን ምንም አላለችም፤ ቆይታ እንደነገረችን ያን ቀን ዝም ማለቷ እስከዛሬ ይቆጫታል።

ዋንዛው የቆመው ከእርከን ሥር ስለሆነ ሽባባው እርከኑ ላይ ቆሞ ቅርንጫፉን ፊት ለፊት አገኘው። የመጋዙን ማስነሻ ገመድ ሳበ፤ ትልቁ ጮኸ፤ አማቾቹ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። ሽባባው ደስ አለው። ብረቱን ቅርንጫፉ ላይ አሳረፈው፤ ሰንሰለቱ እንደ ቅቤ ቆረጠው። ግን ብረቱ ከቅርንጫፉ ውፍረት ሦስት እጥፍ ይረዝም ነበር። የተረፈው ጫፍ ከቅጠሉ ወዲያ፣ ሽባባው ከማያየው ቦታ ገብቶ የቀፎዎቹን ክንድ ከታች በኩል ሲገዘግዘው ነበር። ሽባባው ይሄንን አላየም። ያየው የተገነጠለው ቅርንጫፍ ሲወድቅ ነው፤ ቀጥሎም ክንዱ ቀጨጭ ሲል ሰማ፤ ቀጥሎ ሁለቱ ቀፎዎች ተከታትለው መሬት ላይ ተፈጠፈጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መንገር አያስፈልገኝም፤ ንብ ተቆጥቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ደቦው በሙሉ ተበተነ። የሙሽራው አባት ነጠላውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ በእርሻ መሐል ሲሮጥ፣ ከዚያ ዕድሜው ያ ሩጫ ይወጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሽባባው ግን አልሮጠም። ቀፎዎቹን አነሣለሁ ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ የቻለውን ያህል ቢሞክርም ቀፎዎቹ ተሰነጣጥቀው ነበር። ፊቱ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ ተመለሰ። ንቦቹ ወደ ማታ ተጠቅልለው ተነሡና በሸለቆው አድርገው ሄዱ። ከግንዱ አጠገብ ያለው አንዱ ቀፎ ብቻ ቀረ።

አያ ዳምጤ አልጮኹም። መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው የተሰባበረውን ሰም እየለቀሙ ነበር። ሽባባው አጠገባቸው መጥቶ ቆመና ይማሩኝ አላቸው።

“ምሬሃለሁ” አሉ ቀና ሳይሉ። “ግን ልጠይቅህ። ከቅጠሉ ወዲያ ምን እንዳለ አይተህ ነበር?”

“አላየሁም፣ አያ።”

“ብረትህ ግን እዚያ ነበር” አሉት።

ሽባባው ይህንን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። እብጠቱ ሲወርድ እፍረቱ አልወረደም። ትልቁን መጋዝ ጆንያ አለበሰውና ጎተራው ሥር ወተፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሿን ብቻ ይዞ ይወጣ ጀመር። ቅርንጫፍ ሲሆን መልካም ነው፤ ግንድም ሲሆን ግን ትንሿን ነው። በመካከለኛዋ ቁርስ ሳይደርስ የሚያልቀውን እንጨት በትንሿ እየዞረ ሲጨቀጭቀው ይውላል። ሞተሯ እየጋለ ሲያስቸግር ተቀምጦ እስክትበርድ ይጠብቃል። የቆረጠውም ከዚህና ከዚያ ስለሚመጣ አይገጥምም፤ ቋሚው ሁሉ ጫፉ እንደተሰበረ ጥርስ ሆኖ ይወጣል። ደቦ ላይም ከሁሉ በታች፣ በር አጠገብ ይቀመጣል። አንዳንዱ ሽባባው ትሑት ሆነ አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ ሽባባው ተሰበረ አለ። እሱ ራሱ ተምሬአለሁ ብሎ ነበር የሚያስበው። ወይ መማር!

ይታይሽ ይሄንንም አይታ ዝም አላለችም። ትናንት ሽንኩርት በዋርካ መቁረጫ፣ ዛሬ ደግሞ ዋርካ በሽንኩርት መክተፊያ፤ አንተ ሰውዬ መሐሉን መቼ ነው የምታገኘው አለችው። በዚያ ሰሞን ሽባባው በልቶ ይተኛል፤ ልጁን ቀና ብሎ ማየት ያፍራል። ትርንጎ ግን ስለ ጠጁ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

መስከረም እየተጋመሰ ሳለ አያ ዳምጤ ራሳቸው ወደ ቤቱ መጡ። ከዋንዛው በላይ በኩል አንድ የደረቀ ሽማግሌ ባሕር ዛፍ ነበራቸው። ሥሩ በክረምቱ ውኃ ተሸርሽሮ ወደ ዋንዛው አዘንብሏል። የወደቀ ቀን የሚያርፈው በቀረው ቀፎ ላይ ነው። እሱ ከሄደ የትርንጎ ጠጅም፣ የአያ ዳምጤ ንብም አለቀለት። ስለዚህ ሽባባው እንዲቆርጥላቸው ይፈልጋሉ።

ሽባባው አፍሮ ሌላ ሰው ቢጠሩ ይሻላል አላቸው።

“ሌላ ሰውማ እንደገና ሊማርብኝ ነው” አሉ አያ ዳምጤ። “አንተ አንዴ ተምረህብኛል።”

ይታይሽ ከጓዳ ሆና ሳቀች፤ ሽባባውም ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ። እሺም አለ።

ደቦው ተጠራ። ገመድ የዛፉ አናት ላይ ታሰረና ጠንካራ ጠንካራ ሰዎች ወደ ግጦሹ በኩል ይዘው ቆሙ፤ ዛፉ ከዋንዛው ርቆ ወደ ባዶው መሬት እንዲወድቅ ነው የሚጎትቱት። ሽባባው መጣ። የያዘው ትንሿን ነበር። ሰዎቹ ተያዩ። ያ ግንድ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚያቅፈው። አንድ ሰው በዚህች ነው ወይ ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን የተሰበረ ሰው ላይ መናገር ነውር መሰለውና መልሶ ገጠመው። እንግዲህ ዝም ማለትም አንዳንዴ እንዲህ ያጠፋል።

መጀመሪያ በግጦሹ በኩል አፍ ከፈተለት፤ ዛፉ የሚያጎነብስበት ቦታ ነው ይሄ። ትንሿ ስለማትደርስ ከግራም ከቀኝም እየገባ እንደምንም ከፈተው። ከዚያ ዞሮ ከጀርባ በኩል ጀመረ። ብረቱ እስከ ጥጉ ገባ፤ ግን የግንዱ መሐል ገና ሩቅ ነው። ወደ ጎን ሊያዞራት ሲል ነፋስ መጣ። ዛፉ ወደ ዋንዛው ጥቂት ተመለሰ፤ ግንዱም ብረቱን ነክሶ ያዘው። ትንሿ አንድ ጊዜ አቃሰተችና ጠፋች። ሽባባው ሳበ፤ አልወጣችም። ሁለት ሰው ሆነው ሳቡ፤ አልወጣችም። ገመድ የያዙት ሰዎች ተረከዛቸውን መሬት ውስጥ ተክለው ቶሎ በል ቶሎ በል ይሉታል። በግማሽ የተቆረጠ ዛፍ፣ ከሥሩ ቀፎ፣ ነፋሱም እየጨመረ። ሽባባው ግንዱን ደግፎ ቆመና ላቡ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ሥራው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

አያ ዳምጤ በትራቸውን ይዘው ቀረቡ።

“ትልቁ መጋዝ የት አለ?” አሉ።

“ቤት ነው፣ አያ። እሱን ሁለተኛ አልነካም ብዬ ነው። በእርስዎ ላይ ያደረግሁት ከልቤ አልወጣልኝም።”

ሽማግሌው ዛፉን ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ሽባባውን አዩት።

“ልጄ፣ ይሄ ዛፍ ይቅርታ በለኝ አላለህም። ቁረጠኝ ነው ያለህ። ይቅርታውን እኔ ድሮ ሰጥቼሃለሁ፤ ሂድና መጋዝህን አምጣ።”

ሽባባው ሮጠ። ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ጆንያውን ከጎተራው ሥር እጎትታለሁ ብሎ ሲደርስ ትልቁ መጋዝ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ጆንያው ተገፎለታል፣ ቤንዚኑ ተሞልቷል፤ ሽብልቆቹና መዶሻውም በሌማት ተደርገው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ይታይሽ በሩን ተደግፋ ትጠብቀዋለች።

“ጠዋት ትንሿን ይዘህ ስትወጣ ነው ያወጣሁት” አለችው። “ያለፈው ጊዜ ዝም ብዬ አይቼ ተቃጥያለሁ። ልከተልህ ስል መጣህ።”

ሽባባው ትልቁን ትከሻው ላይ አደረገ፤ እሷም ሌማቱን ይዛ ተከተለችው። ወደ ሰው ፊት ትልቁን ተሸክሞ ሲገባ የሚስቅበት ይኖራል ብሎ ፈርቶ ነበር። ገመድ የያዘ ሰው የት ይስቃል! ሁሉም ጥርሱን ነክሶ ነው ያለው።

ትልቁን ከማስነሣቱ በፊት ግን ሽባባው ያልለመደውን ነገር አደረገ። መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጦ ግንዱን ዞረው። በእጁ ስፋቱን ለካ፤ ብረቱን ከጎኑ አስተያየ፤ ከግንዱ አራት ጣት ያህል ያልፋል። ከዚያም ዞሮ የሚያልፈው ጫፍ የት እንደሚወጣ አየ። ከወዲያ በኩል ባዶ አየር ነው፤ ቅጠልም ቀፎም የለም። ያን ጊዜ የመጋዙን ማስነሻ ገመድ ሳበ። ትልቁ ጮኸ፤ የሰፈሩ ውሻም ጮኸ። ትንሿ ከተያዘችበት ከፍ ብሎ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ገባ። ጥቂት እንደሄደ ይታይሽ የምታቀብለውን ሽብልቅ ከኋላው እየመታ አስገባ፤ ግንዱ እንደገና ብረት እንዳይነክስ ነው። መሐሉ ላይ ሲደርስ ዛፉ ተንቀጠቀጠ። ጎትቱ አለ። ጎተቱ። ዛፉም ከዋንዛው ፊቱን አዙሮ በግጦሹ ላይ ዘፍ አለ፤ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተናወጠ።

ጸጥ ሲል የመጀመሪያው ድምፅ የንቦቹ ነበር። ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራቸውን እየሠሩ ነው። አያ ዳምጤ በትራቸውን ጥለው አምላካቸውን አመሰገኑ። ሽባባው ጉቶው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ፤ የደስታ ነው፤ ማንም አላስተዛዘነውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነበር። ግንዱን በትልቁ ከሦስት ቆራረጠው። መካከለኛዋን ከቤት አስመጥቶ ወፋፍራሙን ቅርንጫፍ በእሷ ለየ። ትንሿ ከግንዱ ስትወጣ ብረቷ ጎብጦ ነበርና እሷ እስክትጠገን ስስ ስሱን በገጀራ ጨረሱት። በዚያ ቀን ሦስቱም መጋዞች ምን እንደሆኑ ሽባባው እንደ አዲስ አወቀ። እየሠራ ያፏጭ ነበር አሉ።

ለግብዣ ሲቀመጡ አያ ዳምጤ ከጎናቸው ያለውን ወንበር አሳዩት። ረጅሙን መጋዝ ያመጣው እሱ ነውና ቦታው የሱ ነው። ሽባባው አይሆንም አለ፤ ገመድ የያዙት ሰዎች መዳፋቸው ተልጧል፣ እነሱ ይቀመጡ አለ። ሽማግሌው አልተከራከሩትም። ወንበሩ ያን ቀን ባዶውን ዋለ፤ ዋንጫውም ገመድ ከያዙት ጀምሮ ዞረ። ይሄ ሲሆን ያ አገር አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሽባባው ሌላ ልማድ አመጣ። ለሥራ ሲጠሩት መጀመሪያ ባዶ እጁን ይሄዳል። ዛፉን ይዞራል፣ በእጁ ይለካል፣ ከወዲያ በኩል ምን እንዳለ ያያል፤ ቤት አለ ወይስ አጥር፣ ከብት አለ ወይስ ሰው ብሎ። ከዚያ ተመልሶ የሚሆነውን መጋዝ ያመጣል። መጀመሪያ ላይ ሳቁበት። ባዶ እጁን የሚመጣ ቆራጭ፣ ማጭድ ሳይዝ የሚመጣ አጫጅ ብለው ቀለዱበት። ሽባባው አብሯቸው ይስቅና ዛፉን መዞሩን ይቀጥላል። ቆይተው ግን የሚቆርጡት ዛፍ ከቤት አጠገብ የሆነባቸው ሁሉ፣ ባዶ እጁን የሚመጣውን ሰው ጥሩልን ማለት ጀመሩ።

አያ ዳምጤ የተሰበሩትን ቀፎዎች ተክተው አዲስ ሁለት ሠርተው፣ ንብ እንዲስቡ በጭስ አጥነው ሰቀሉ። ሽባባው ነው ዋንዛው ላይ ያሰረላቸው። ጥቅምት ላይ አንዱ ቀፎ ንብ ገባበት፤ ሌላው ግን ባዶ ቀረ። ኅዳር ላይ የተቆረጠው ማር እንደታሰበው ብዙ አልሆነም። ቢሆንም ጥር ደረሰ፣ ሠርጉም ሆነ። ጠጁ ለሙሽሮቹ፣ ለሚዜዎቹና ለሽማግሌዎቹ በቃ፤ የቀረው ሰው ጠላውን እየጠጣ ጨፈረ፤ ጠጅ ቀረብኝ ብሎ ያኮረፈ አልነበረም። ትርንጎ አያ ዳምጤን ጉልበታቸውን ስማ የመጀመሪያውን ብርሌ በራሷ እጅ አቀረበችላቸው። ሽማግሌው ጠጥተው ብርሌውን ሲመልሱላት ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

ዳቦው ሊቆረስ ሲል ያ በእርሻ መሐል የሮጠው የሙሽራው አባት ተነሣ። ሞቅ ብሎታል። በዳሱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣

“ሽባባው፣ ያ ትልቁ መጋዝህ የት አለ? ዛሬ እንዴት ሳትይዘው መጣህ?” አለው።

ሕዝቡ ሳቀ። ሽባባውም ሳቀ። ተነሥቶ ዳቦውን በቀስታ ዞረው፤ ውፍረቱን በጣቱ ለካ፤ ከወዲያ በኩል ማን እንደተቀመጠ ጎንበስ ብሎ አየ። ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ እጁን ወደ ይታይሽ ዘረጋ። ይታይሽ ሽንኩርት የምትከትፍባትን ትንሿን ቢላዋ መቀነቷ ውስጥ ደብቃ ኖሮ አውጥታ ሰጠችው።

“ለዚህስ ይቺ ትበቃለች” አለና ቆረሰው።

ወዳጆቼ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ትልቁ መጋዝ ክፉ አልነበረም፤ ትንሿም ቅን አልነበረችም። በመጀመሪያው ቀን ቀፎውን የጣለው ከሥራው የተረፈው ብረት ነው፤ በሁለተኛው ቀን ሊጥለው የነበረው ደግሞ ከሥራው ያነሰው ብረት ነው። ሽባባው በሁለቱም ቀን ያየው ራሱን እንጂ ዛፉን አልነበረም። መጀመሪያ ሰው እንዴት ያየኛል አለ፤ ኋላም ሰው እንዴት ያየኛል አለ። ትዕቢትና እፍረት እንደዚህ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከሥራው ዓይናችንን ይነሡናል።

እኛም ቤት እንዲሁ ነው። ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር ለትልቅ ጥፋት ያስቀመጥነውን ቁጣ እናወጣለን፤ የተረፈው ጫፍ የት እንደሚገባ አናይም። ትልቅ በደል ፊታችን ሲቆም ደግሞ ባለፈው የጮህነው ያሳፍረንና በለሆሳስ ቃል እንነካካዋለን፤ መሐሉ ላይ ተነክሶ ይቀራል። ጉልበታችንን መጣልም ማሳየትም አይጠበቅብንም። ባዶ እጃችንን ሄደን ነገሩን መዞር፣ ውፍረቱን መለካት፣ ከወዲያ በኩል ማን እንዳለ ማየት፣ ከዚያ ተመልሰን የሚበቃውን ማምጣት ነው።

እስቲ እናንተ፣ ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጡ የትኛውን መጋዝ አነሣችሁ? ዛፉንስ አይታችሁት ነበር?